ቤት ልናይ ሄደን ሰው አይተን ተመለስን

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ቤት ነው። «ስለ ቤት ምን የሚወራ አለ? የሚያስለቅሰው ኪራዩ ነው እንጂ!» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ግን አንድ አፍታ ታገሱኝ። በዚህ ሳምንት ደላላ ተከትሎ የሰው በር የሚያንኳኳ፣ ሠርግ ቆርጦ ጎጆ የሚፈልግ፣ ወይ ከአከራዩ ጋር ተኮራርፎ ዕቃውን ሊጭን የተዘጋጀ ከመካከላችሁ አይጠፋም። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው…

እኔና እጮኛዬ የሠርጋችንን ቀን ቆርጠን ነበር። ሁለታችንም ባሕር ዳር የምንኖር የኪራይ ቤት ልጆች ነን። እሱ መምህር ነው፤ ያን ዓመት ወደ ዘጌ ተመድቧል። ሁለት ዓመት ሙሉ እቁብ ጥለን፣ ካፌ ስንገባ አንድ ሻይ ለሁለት እየጠጣን ያጠራቀምናት 180 ሺህ ብር አለችን። በዚህች ገንዘብ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ በር ይገዛ ይሆናል እንጂ ቤት አይገዛም። እንዲህ ግራ ገብቶን ሳለ አንድ ደላላ ብቅ አለ።

«ዘጌ ላይ ጉድ የሆነ ቤት አለላችሁ። ሐይቁ ዳር ነው። ቡና አለው፣ ጌሾ አለው፣ ሎሚ አለው። ባለቤቱ ቸኩሏል። ዛሬ ነገ ካላችሁ ግን ያመልጣችኋል» አለን።

ዘጌን ለማታውቁ ላስተዋውቃችሁ። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ቢሄዱ ጣና ሐይቅ ውስጥ የገባ ደን ለብሶ የተኛ መሬት ነው። እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ እነ አዝዋ ማርያም ያሉት እዚያ ነው። ቡናው የሚበቅለው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ በዚያ ነውር ነው፤ ሥርዓቱን ያቆዩት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ይባላል። እና እዚያ ቤት አለ ሲሉን እኔ ልቤ ጥፍት አለ። ቤቱን ሳላየው መጋረጃ መረጥኩለት።

አክስቴ ይህን ስትሰማ፣ «ማን ሊያይላችሁ ነው?» አለች።

«እኛው ነና!»

«እናንተማ ፍቅር ይዟችኋል። ፍቅር የያዘው ሰው ቤት አያይም። እኔም እመጣለሁ።»

አክስቴ ባሕር ዳር ውስጥ በ26 ዓመት 11 ቤት ተከራይታ የኖረች ሴት ናት። የአከራይ ዓይነት፣ የጣሪያ ዓይነት፣ የደላላ ዓይነት እሷን ጠይቁ። እኔ ግን የዚያን ዕለት ከመምጣቷ ብትቀር ደስ ባለኝ። ለምን እንደሆነ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ከጀልባው ላይ የተጀመረ ጥያቄ

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ግንቦት 17 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር። ትናንትናው ኪዳነ ምሕረት ስለነበረች መንገዱ ከበዓል በሚመለስ ሰው ሞልቷል። ገና ከጀልባ ሳንወርድ አክስቴ ባለ ጀልባውን ያዘችው።

«ወንድሜ፣ መስከረም ላይ ውኃው የት ድረስ ይመጣል?»

እኔ ደግሞ በሆዴ «እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን ይሉታል?» አልኩ። ለካስ ዋናው ጥያቄ እሱ ኖሯል! ጣና በዓመት ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚል ሐይቅ ነው። ዝቅ የሚለው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ነው፤ የሚሞላው ዝናቡ ሲያበቃ በመስከረምና በጥቅምት ነው። እኛ የሄድነው ሐይቁ ጠቦ፣ ዳርቻው ደርቆ፣ ሁሉ ነገር ባማረበት ሰዓት ነው።

ባለ ጀልባው በአገጩ አንድ ዛፍ አሳየን። «እዚያ ሥሩ ድረስ ይደርሳል። ቤቱን አይነካውም። ሽንት ቤቱን ግን…» ብሎ ሳቀ።

ደላላው አልሳቀም።

ልብ በሉ፤ ባለ ጀልባው ከቤቱ ሽያጭ አምስት ሳንቲም አያገኝም። እውነቱን የነገረን ለዚህ ነው። ቤት ልታዩ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት በነገሩ ጥቅም የሌለውን ሰው ነው። ባለ ሱቁን፣ ጥበቃውን፣ ሊስትሮውን፣ ውኃ ቀጂዋን። አዲስ አበባም ብትሆኑ ወንዝ ዳር ያለ ቤት በጥር ሲያዩትና በነሐሴ ሲያዩት አንድ አይደለም። በበጋ የምታዩትን ቤት ክረምቱን ጠይቁለት፤ በክረምት የምታዩትን ደግሞ ውኃ ሲጠፋ እንዴት እንደሚሆን ጠይቁ።

ሎሚዋ

ቤቱን ሳየው፣ ምን አለፋችሁ፣ ልቤ ሟሟ። የጭቃ ቤት ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው በነጭ ቀለም የተቀባ። ከፊቱ ቡና፣ ከቡናው ባሻገር ሐይቁ ያብረቀርቃል። እጮኛዬ እጄን ጨበጥ አደረገው። አለቀ! ለኛ ተሸጠ!

አክስቴ ግን ገብታ በሩንም መስኮቱንም ዘጋችው። ጨለማ ሆነ። «ቀና በሉ» አለች። ቀና ስንል ጣሪያው ላይ ኮከብ የመሰሉ ቀዳዳዎች ቦግ ቦግ ይላሉ። ቆጠርኳቸው፤ ዘጠኝ ናቸው። ዝናብ ባይኖርም ጣሪያ እንደሚያፈስ የሚታወቀው እንዲህ ነው። እናንተም ሞክሩት፤ ገንዘብ አያስወጣም።

ቀጥላ ከደጅ አንዲት ሎሚ አንሥታ ወለሉ መሐል አስቀመጠች። ሎሚዋ ትንሽ አሰበችና ወደ ጓሮ ጥግ ተንከባለለች። አክስቴም ሎሚዋን ተከትላ ሄደች። ጥጉ ላይ ያለው ቀለም ከሌላው ግድግዳ ይልቅ አዲስ ነበር። በአውራ ጣቷ ጫን ስትለው እርጥብ ነው። የጥጉን ምሰሶ በጣቷ ስታንኳኳው እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ምስጥ ውስጡን ጨርሶታል።

«ቤቱ ከጥላ ሥር ነው» አለችኝ ዝቅ ብላ። «ቀዝቃዛ ነው፣ ደስ ይላል። ግን ፀሐይ ካላገኘው አይደርቅም። ቀለሙን ተይው። አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ካየሽ፣ ምን ሊደብቁበት ነው ብለሽ ጠይቂ።»

ከዚያ በር ላይ ለቆመችው ልጅ ዞር አለች። «እታለም፣ ውኃ ከየት ነው የምትቀጂው?»

«ቅርብ ነው» አለ ደላላው።

«አንተን አልጠየቅሁም። አንቺ ልጅ፣ ጀሪካኑን ተሸክመሽ እስክትደርሺ ስንት ጊዜ አስቀምጠሽ ታርፊያለሽ?»

«ሦስት ጊዜ» አለች ልጅቷ።

«ቅርብ» የሚለው ቃል ደላላ አፍ ላይ ሜትር የለውም። ልጅቷ ግን መንገዱን በትከሻዋ ታውቀዋለች።

ቡናው ሲፈላ

እስካሁን ያልኳችሁ ሁሉ ስለ ግድግዳ ነው። ግድግዳ ይጠገናል። ቆርቆሮም ይለወጣል። እኔም በሆዴ «ዋጋ ያስቀንስልናል» እያልኩ ነበር። ዋናው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሻጩ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። ደላላው «ደብተሩ ወረዳ ነው፤ ስም ሊዞር ነው። ውሉን በስጦታ ስም እንጽፈዋለን። ዛሬ ቀብድ ብቻ ጣል አድርጉ» እያለ ያጣድፈናል። እጮኛዬ 20 ሺህ ብር በኪሱ ይዞ መጥቷል።

አንዲት እናት ጥግ ላይ ተቀምጠው ቡና ያፈሉልናል። ከገባን ጀምሮ ከ«እንዴት ዋላችሁ» በቀር አንድ ቃል አልተናገሩም። ቆሎ አቀረቡልን። ዕጣን አጨሱልን። እኔ የጎረቤት ሴት ይሆናሉ ብዬ ዞር ብዬም አላየኋቸው።

አክስቴ አየቻቸው። ሁለተኛውን ስኒ ስትቀበላቸው ቀስ ብላ፣

«እማማ፣ እኛ እዚህ ቤት ስንገባ እርስዎ ከማን ጋር ሊሆኑ ነው?» አለቻቸው።

ጀበናው እጃቸው ላይ ቀረ።

«የቱ ቤት?»

ወይ ጉድ! ቤቱ ጸጥ አለ። እሳቸው እኛን ለኪዳነ ምሕረት መጥተን የሰነበትን እንግዶች ነበር ያሉን። ቡናውንም የቆሉት ለበዓል እንግዳ ነው።

«እማዬ… ነግሬሽ የለም እንዴ፤ ወደ ከተማ እወስድሻለሁ ብዬሽ…» አለ ልጁ።

«ለሕክምና መስሎኝ» አሉ።

አክስቴ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «የይዞታ ደብተሩ ወረዳ ነው አሉን» አለች።

«ደብተሩማ እዚሁ ነው» አሉና ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። በፌስታል ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ የኖረ ደብተር ይዘው መጡ። ገልጠው ፎቶዎቹን በጣታቸው አሳዩን። «ይኼ ነፍሱን ይማረውና አባታቸው ነው። ይቺ እኔ ነኝ።»

አክስቴ የያዘችው «አባታቸው» የምትለዋን ቃል ነው። «አባቱ» አላሉም። «ልጆችዎ ስንት ናቸው?» ብላ ጠየቀች።

«አምስት ናቸው። ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዷ መተማ ናት። አንዱ ደሴ ነው። ይኼ የመጨረሻው ነው።»

እውነቱን ልንገራችሁ? እኔ በዚያች ደቂቃ የተናደድኩት በልጁ አይደለም፤ በአክስቴ ነው። «ምናለ ዝም ብትል!» አልኩ በሆዴ። መጋረጃዬን መርጫለሁ። የሠርጉ ቀን ደርሷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሻይ ተካፍዬ ጠጥቻለሁ። እኚህ እናት ቢቻል ባይኖሩ ኖሮ ደስ ባለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን የተሰማኝ ይኸው ነው። ቤት የቸገረው ሰው ክፉ ሳይሆን ክፉ ሊሠራ ይችላል። ልጁም እንደዚያው ነው። ወደ ጀልባው ሲሸኘን «ዕዳ ይዞኝ ነው እንጂ…» ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አክስቴም «ይገባኛል። ግን መጀመሪያ ለእናትህ ነው መንገር የነበረብህ» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም።

እናቲቱ ስንወጣ ያልተቆላ ቡና በፌስታል ቋጥረው ሰጡን። ቤታቸውን ልንወስድ የመጣን ሰዎች፣ ቡናቸውን ይዘን ተመለስን።

ሕጉስ ምን ይላል?

ባሕር ዳር ስንደርስ አንድ የሕግ ሰው ዘመድ ጠየቅን። የነገረንን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ በአገራችን መሬት አይሸጥም። ሕገ መንግሥቱ (1987 ዓ.ም.) በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። ደላላው «የሚሸጠው ቤቱ ነው እንጂ መሬቱ አይደለም» ብሎን ነበር። አክስቴ ታዲያ «ቤቱን ተሸክመን ልንሄድ ነው?» አለችው። የገጠር ቤት የቆመው በሰው ይዞታ ላይ ነው። የገጠር ይዞታን «በስጦታ» ወይም «በብድር» ስም ጽፎ መሸጥ፣ ጨረቃ ቤት ገዝቶ እንደ መግባት ነው፤ ክርክር የተነሣ ዕለት ገንዘባችሁም ቤቱም የለም።

ሁለተኛ፣ በአማራ ክልል ባለ ይዞታ ገበሬ አረንጓዴ የሚባል ደብተር አለው። የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አለበት። ደብተሩ ላይ የሌለ ሰው ሊሸጥላችሁም ሊሰጣችሁም አይችልም። ደብተሩን በዓይናችሁ ሳታዩ አንድ ብር አታውጡ፤ «ወረዳ ነው» ካላችሁ ወረዳው ድረስ አብራችሁት ሂዱ።

ሦስተኛ፣ ከተማ ውስጥ ከሆነ ካርታውን ፎቶ ኮፒ አይታችሁ አትመኑ። ዋናውን እዩ፤ ዕዳና እገዳ እንዳለበት ካርታውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ራሳችሁ አጣሩ። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 ውሉ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ፈቃድ ያስፈልጋል። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ ቤት በአንዱ ብቻ አይሸጥም። ስለዚህ «ባለቤትህ የት ናት?» ብሎ መጠየቅ ነገረኛ አያሰኝም።

አራተኛ፣ ቀብድ ቀልድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከለወጠ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከለወጠ እጥፍ ይመልሳል። ይህ ግን ሕጋዊ ውል ሲኖር ነው። እኛ በዚያ ቡና ላይ 20 ሺህ ብራችንን ጥለን ብንወጣ ኖሮ ለማን እንጮህ ነበር? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለዚህ መጀመሪያ ቤት የምታዩ ዕለት ገንዘብ ይዛችሁ አትሂዱ። ኪሳችሁ ባዶ ከሆነ ደላላ አያጣድፋችሁም።

ለተከራዮችም

«እኛ ደግሞ ምኑን ልንገዛ! የምንከራየው አጣን» የምትሉ አላችሁ። የአክስቴ የ26 ዓመት ትምህርት ለእናንተም ነው።

ቤቱን ሁለቴ እዩት፤ አንዴ ቀን፣ አንዴ ማታ። ቀን ጸጥ ያለው ጎረቤት ማታ ግሮሰሪ ሊሆን ይችላል። ማታ መብራት አብሩ፤ ቧንቧውንም ክፈቱት። ቆጣሪው የብቻ ነው የጋራ? የጋራ ከሆነ ሒሳቡ የሚካፈለው በሰው ነው በክፍል? ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሽንት ቤቱን ስንት ሰው ይጠቀምበታል? ጉድጓዱስ የሞላ ዕለት ማን ያስመጥጣል?

ከዚያ አከራዩ ሳያነሣቸው እናንተ አንሡአቸው፦ ምጣድ ይቻላል? ልብስ በየስንት ቀን ይታጠባል? ግቢው ስንት ሰዓት ይዘጋል? እንግዳ ቢያድር? ልጅ ቢወለድ? አትሳቁ! አክስቴ ከአራተኛው ቤቷ የወጣችው በእንጀራ ምጣድ ነው።

የኪራይ ውላችሁንም በጽሑፍ አድርጉት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ እንደሌለበት፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። «የስድስት ወር በአንዴ አምጣ» የሚላችሁ ካለ ይህን አስታውሱት። አዋጁ በከተማችሁ ሥራ ላይ መዋሉን ደግሞ ቀድማችሁ ከቀበሌ ወይም ከክፍለ ከተማ ጠይቁ።

ከእናንተ በፊት የነበረው ተከራይ ለምን ወጣ? ይህን አከራዩን አትጠይቁ፤ ጎረቤቱን ጠይቁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ለዚህም ነው።

በመጨረሻም ከሁሉ በላይ የያዝኳትን ልንገራችሁ። የምታዩት ቤት ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ እሱን ሳታናግሩ አትውጡ። ቡና የሚያፈሉ እናት፣ ጥግ ላይ የቆመች ሚስት፣ ዓይኗን የሰበረች እህት… ደላላው ያልነገራችሁን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ «እኛ ስንገባ እርስዎ የት ይሆናሉ?» መልስ ካገኛችሁ ቀጥሉ። መልስ ከሌለ ያ ቤት ገና ሰው አለበትና ተመለሱ።

እኛስ? የዘጌ መግቢያ ከሆነችው ከአፋፍ ሁለት ክፍል ተከራየን። ጣሪያው አያፈስም፤ በሩን ዘግቼ አይቻለሁ። ሎሚም አስቀምጬ ነበር፤ ትንሽ ተንከባለለችና ቆመች። አክስቴ «ይሁን፣ ይኖርበታል» አለች።

የሠርጋችን ማግስት የተፈላው ቡና የእኚያ እናት ነበር። ከወራት በኋላ እጮኛዬ፣ አሁንማ ባሌ ነው፣ በመንገድ አግኝቷቸው ደኅንነታቸውን ጠየቃቸው።

«እዚያው ነኝ» አሉት። «ጣሪያውን ልጆቼ አሳደሱልኝ።»

ቸር ቤት ይግጠማችሁ!